የኤሌትሪክ ኦቶሞቢልና የመከራ ጊዜ መሣሪያ

በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት ኦቶሞቢል ከውጭ አገር ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ መከልከሉ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፤ ቀድሞ በአዲስ አበባ መንገድ ብቻ ይታይ የነበረው የኤሌትሪክ ኦቶሞቢል ጥቂት በጥቂት ወደ ሩቅ ከተሞች መዝለቅ ጀምሯል። የክልከላው ምክንያት ለማንም የተሰወረ አይደለም። ነዳጅ በውጭ አገር ገንዘብ ተገዝቶ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሲሆን ኤሌትሪክ ግን ከአገሩ ወንዝ የሚገኝ ሀብት ነው። በዚህም ነገር የጅማ አገር ከሌላው ይልቅ የሚመካበት ምክንያት አለው፤ ይኸውም በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 184 ሜጋዋት የሚሰጠው የግልገል ጊቤ ግድብ በዚያው በጅማ አገር የቆመ ስለ ሆነ፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 420 ሜጋዋት የሚሰጠው ሁለተኛው ማመንጫም የዚያኑ ውኃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተቀብሎ የሚሠራ ስለ ሆነ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ችሎታ ያለው በመሆኑ፤ ይህን ያህል ኃይል በአገር ውስጥ እያለ ኦቶሞቢል በባዕድ ነዳጅ ይሂድ ብሎ የሚከራከር ሰው ብዙ ሰሚ አያገኝም።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ለከተማ አስፋልት ታስቦ የተሠራ ኦቶሞቢል ወደ ቡና አገር በተላከ ጊዜ፤ ፋብሪካው ያላሰበው ትንሽ የሚመስል ነገር ይነሣል። ኦቶሞቢሉ በመንገድ ላይ ቢቆም እርሱን ለማስነሣት የተዘጋጀው መሣሪያ የሚገኘው የት ነው? አብዛኛውን ጊዜ በኋላው ሣጥን ወለል ሥር፤ በተቆለፈ ክዳን ውስጥ ነው። ክዳኑን የሚከፍተው ደግሞ ኤሌትሪክ ነው። እንግዲህ ኤሌትሪክ አጥቶ የቆመውን ኦቶሞቢል ለመርዳት አስቀድሞ ኤሌትሪክ ማግኘት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ያለው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወልቂጤን ካለፈ በኋላ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ በሆነው ቆላ ወንዙን ተሻግሮ በአበልቲ በኩል ዳገቱን ይይዛል፤ ከዚያም በሰኮሩ፣ በአሰንዳቦና በሰርቦ አድርጎ ጅማ ይገባል። ከጅማ ወደ ምዕራብ አጋሮ ድረስ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከዚህ ያለው መንገድ ዋና መንገድ ስለ ሆነ ሰው ቢቸገር አላፊ አግዳሚ አያጣም። ወደ ጌራ፣ ወደ ሊሙና ወደ ሰቃ የቡና ቦታዎች የሚያደርሰው የውስጥ መንገድ ግን ቀይ አፈር ነው። የዚያ አገር ዝናብ ከሌላው ቀድሞ ይጀምራል፤ ዘግይቶም ያባራል፤ ቀዩ አፈርም ውኃ በጠጣ ጊዜ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ቡናው በሚለቀምበት ከጥቅምት ወር ጀምሮ ባለው ጊዜ መንገዱን የሚፈልገው ሰው ይበዛል፤ ጆንያ የጫነው ካሚዮን፣ ቡና ለመመርመር የሚወጣው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ለበዓል ወደ ገጠር ደብር የሚሄደው ካህን፣ በሽተኛ የያዘው ሰው ሁሉ በዚያ ጠባብ መንገድ ይመላለሳል። በአንድ መታጠፊያ ላይ አንድ ኦቶሞቢል ቢቆም የሚቆመው እርሱ ብቻ አይደለም።

የካሚዮን ሾፌሮች ይህን ነገር ያለ ትምህርት ቤት አውቀውታል። ከጅማ ወደ አጋሮ የሚመላለሰውን አይሱዙ ቆም ብሎ የተመለከተ ሰው፤ ስኮርታው ከጭነቱ ወለል ሥር እንደ ተንጠለጠለ፤ የመሣሪያው ሣጥን በጎኑ እንደ ታሰረ፤ አካፋና ገመድ በእጅ በሚደረስበት ቦታ እንደ ተቀመጠ ያያል። ረዳቱ ካሚዮኑ በዳገት ላይ ሲቆም ታኮ ይዞ ለመዝለል ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ቁልፍም አይፈልግም። ክሪክ፣ ስኮርታ፣ ካቻቢቴ የሚሉት ቃሎች ከጣልያን ቋንቋ ወደ አማርኛ ገብተው የቀሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቃሎቹ ከካሚዮኑ ጋር መጡ፤ መሣሪያውን ከውጭ የማሰሩ ልማድም ለኢትዮጵያ መንገድ ተስማሚ ሆኖ ስለ ተገኘ እስከ ዛሬ ጸንቶ ኖረ። አሁን የሚመጣው ኦቶሞቢል ግን ከዚህ ልማድ ውጭ የተወለደ ነው። አካሉ ለስላሳ ነው፤ መያዣው እንኳ ነፋስ እንዳያግድ ተብሎ ወደ ውስጥ ይሰወራል፤ በላዩ ምንም ነገር እንዲታሰርበት አልታሰበም።

ነገሩን በሚገባ ለመረዳት የኤሌትሪክ ኦቶሞቢል ሁለት ዓይነት ባትሪ እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። ትልቁ ባትሪ ከወለሉ ሥር እንደ ምንጣፍ የተነጠፈው ነው፤ ኃይሉ በብዙ መቶ ቮልት የሚቆጠር ሲሆን ኦቶሞቢሉን የሚያስኬደው እርሱ ነው። ትንሹ ባትሪ ግን እንደ ቀድሞው ኦቶሞቢል የ12 ቮልት ነው፤ በሩን፣ መብራቱን፣ መስኮቱንና በውስጥ ያለውን ኮምፒዩተር የሚያገለግል ይህ ነው። ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፤ ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ማብሪያ የሚሠራው በትንሹ ባትሪ ኃይል መሆኑ ነው። ይህ ለደኅንነት የተደረገ ጥበብ ነው፤ ኦቶሞቢሉ ቢጋጭ ወይም ሥራ ቢያቆም የትልቁ ባትሪ ኃይል በሽቦው ሁሉ እንዳይዘዋወር ተለይቶ ይዘጋል። ነገር ግን ትንሹ ባትሪ የሞተ እንደ ሆነ ትልቁ ሙሉ ሆኖ ሳለ ምንም አይሠራም። የጎተራውን ቁልፍ የጣለ ባለጠጋ በእህሉ ፊት እንደሚራብ፤ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ኃይል ተሸክሞ ኦቶሞቢሉ ካለበት አይነቃነቅም።

ትንሹ ባትሪ የሚሞትበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ እርጅና ነው፤ አንዱም ኦቶሞቢሉ ለብዙ ሳምንት ሳይነሣ መቆሙ ነው፤ መብራት ወይም ካሜራ እንደ በራ መተዉም ይኖራል። የቤንዚኑ ኦቶሞቢል ባትሪው በደከመ ጊዜ የማስነሻው ድምፅ እየዘገየ ስለሚሄድ ሾፌሩ ነገሩን ከጥቂት ቀን በፊት ያውቅ ነበር። የኤሌትሪኩ ኦቶሞቢል እንዲህ ያለ የድካም ድምፅ ስለሌለው አመሻሽ ላይ ደኅና የነበረው ሲነጋ በሩን የማይከፍት ሊሆን ይችላል። የቀድሞውን ኦቶሞቢል ሰዎች ተሰብስበው ቁልቁል ቢገፉት ሾፌሩ ማርሽ አስገብቶ ያስነሣው ነበር፤ ይህ መፍትሔ በአዲሱ ላይ አይሠራም። እንዲያውም ፍሬኑና የጎማው መቆለፊያ በኤሌትሪክ የሚለቀቅ ስለ ሆነ ከመንገድ ዳር ለማስጠጋት እንኳ እሺ አይልም።

በዚህ ጊዜ ሾፌሩ ምን ያደርጋል? ብዙዎቹ ኦቶሞቢሎች በቁልፋቸው ውስጥ የተሰወረ የብረት ምላስ ስላላቸው በዚያ የሾፌሩን በር መክፈት ይቻላል። የኋላው ሣጥን ግን ብዙውን ጊዜ የቁልፍ ቀዳዳ የለውም፤ ሾፌሩ በመቀመጫው ላይ ተሻግሮ በሆዱ እየሳበ ከክዳኑ በስተ ውስጥ ያለችውን ማስለቀቂያ በጨለማ መፈለግ አለበት። የት እንዳለች የሚናገረው መጽሐፍ ከኦቶሞቢሉ ጋር አብሮ የመጣ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ በቻይና ቋንቋ የተጻፈ ነው። በዚህም ላይ ከአጋሮ ባዶ ሣጥን ይዞ የሚመለስ ሰው የለም፤ ቡናው፣ ማሩ፣ የዘመድ ስጦታው ከላይ ተጭኗል፤ መሣሪያው ደግሞ ከወለሉ ሥር ነው።

ከዚህም የበለጠ የሚያስገርመው የመጎተቻው ቀለበት ነገር ነው። በቀድሞ ካሚዮን ላይ መጎተቻው ከፊት ለፊት ተበይዶ ይታይ ነበር። በአሁኑ ኦቶሞቢል ግን ከፓራውልቱ ላይ ትንሽ ክዳን ተነሥቶ የሚጠለቅ ቀለበት ነው፤ ቀለበቱም የሚኖረው ከሌላው መሣሪያ ጋር በኋላው ሣጥን ውስጥ ነው። እንግዲህ ካሚዮን መጥቶ ልርዳህ ቢል እንኳ ገመዱ የሚታሰርበት ነገር ተቆልፎበታል። ቸኩሎ ገመዱን በጎማው ዘንግ ወይም በሌላ ብረት ላይ ያሰረ ሰው የሚሰብረው ነገር ከቀለበቱ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ኦቶሞቢል ሠሪዎቹ ይህን ነገር ፈጽሞ አላሰቡትም ማለት አይቻልም። የአሜሪካው ቴስላ ኩባንያ ሞዴል 3 በተባለው ኦቶሞቢሉ ላይ ከፊት ባለው የመጎተቻ ክዳን ውስጥ ሁለት ሽቦ ትቷል፤ ትንሹ ባትሪ በሞተ ጊዜ ከውጭ የመጣ ባትሪ በሽቦዎቹ ላይ ቢነካ የፊተኛው ክዳን ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ሾፌሩ ወደ ትንሹ ባትሪ ይደርሳል። ኤሌትሪክ ያጣ በር ከውጭ የሚረዳበት ቀዳዳ እንደሚያስፈልገው ሠሪው ራሱ ያመነበት ምልክት ነው። የቻይና መንግሥትም ከግጭት በኋላ በራቸው አልከፈት ስላለ ኦቶሞቢሎች ብዙ ከተነገረ ወዲህ፤ ማናቸውም የኦቶሞቢል በር ከውስጥም ከውጭም ያለ ኤሌትሪክ በእጅ የሚከፈት እንዲሆን የሚያስገድድ ደንብ አውጥቷል፤ ደንቡም በአውሮፓ አቈጣጠር ከጥር 1 ቀን 2027 ጀምሮ በአዳዲስ የኦቶሞቢል ዓይነቶች ላይ ይጸናል። ኢትዮጵያ የምትገዛው የኤሌትሪክ ኦቶሞቢል ብዙው ከቻይና የሚመጣ ስለ ሆነ ይህ ደንብ እስከ ጅማ ድረስ የሚጠቅም ነው። ሆኖም ደንቡ ከመጽናቱ በፊት የተሠሩት ገና ብዙ ዘመን በመንገድ ላይ ይኖራሉ፤ በሩ ቢከፈትም የኋላው ሣጥን ነገር እንዳለ ይቀራል።

እንግዲህ ጥቂት መሣሪያ ከኦቶሞቢሉ ውጭ ይቀመጥ ሲባል፤ ሌባ ይወስደዋል የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። መልሱ ሐሰት አይደለም። በገበያ ቀን በአጋሮ አደባባይ ያለ ቁልፍ የታሰረ አካፋ ከሰዓት በኋላ አይገኝም ይሆናል። ነገር ግን ለዚህ የሚያስፈልገው ተራ ጋኖች ቁልፍ ነው፤ ቁልፉንም ሾፌሩ በኦቶሞቢሉ ውስጥ ሳይሆን በኪሱ ይያዘው። ሁለተኛው መልስ ዝናቡ ያዝገዋል የሚል ነው። የጅማ ዝናብ የማያዝገው ብረት እንደሌለ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም በግሪስ የተቀባና በሸራ የተጠቀለለ ብረት ብዙ ዓመት ይቆያል። መጠቅለያው የቡና ጆንያ እንዳይሆን ግን መጠንቀቅ ነው፤ ጆንያ ውኃ ጠጥቶ ለብዙ ቀን ስለሚይዝ ከመጠበቅ ይልቅ ያበላሻል።

ሦስተኛው መልስ የተማረ ሰው መልስ ስለ ሆነ ልብ ብሎ መመርመር ይገባል። ከኦቶሞቢሉ ውጭ የታሰረ ነገር ነፋስ ስለሚያግድ የባትሪውን ኃይል ይበላል፤ ባትሪ መሙያ ጣቢያ በብዛት የሚገኘው በአዲስ አበባ ሆኖ ሳለ ከጅማ መንገድ ላይ አንዲት ኪሎ ሜትር እንኳ የምትባክን አይደለችም ይላል። ነፋስ ማገዱ እውነት ነው። ነገር ግን የነፋሱ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እጥፍ በእጥፍ የሚያድግ ነገር ነው፤ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ቢሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በአውሮፓ ሰፊ ጎዳና በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው በጣራው ላይ ባሰረው ዕቃ ብዙ ይጎዳል፤ በጊቤ መታጠፊያዎች በሰዓት 40 እና 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ግን ጉዳቱ ጥቂት ነው። በዚህ መንገድ ባትሪውን የሚበላው ነፋሱ ሳይሆን ዳገቱ ነው፤ ስለዚህ ከነፋሱ ይልቅ ክብደቱን መቀነስ ይሻላል።

ይህ እንዲህ ከሆነ ያለው መሣሪያ ሁሉ ይውጣ ማለት ስሕተት ነው። ከውጭ መሆን የሚገባው በሩን ሳይከፍቱ የሚያስፈልገው ብቻ ነው፤ ይኸውም የመጎተቻው ቀለበት፣ አንድ ጠንካራ ገመድ፣ ሁለት ታኮ፣ አጭር አካፋ፣ በሩቅ የሚያበራው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት፤ በተጨማሪም ከትንሹ ባትሪ ጋር የሚገናኙት ሁለቱ ሽቦዎች። ክሪኩን እዚህ ላይ መጨመር የሚፈልግ ይኖራል። ነገር ግን ክሪክ በኤሌትሪክ ኦቶሞቢል ላይ እንደ ቀድሞው ባገኙት ቦታ የሚደገፍ ነገር አይደለም፤ ፋብሪካው በጎኑ ምልክት ካደረገባቸው ቦታዎች ውጭ በወለሉ ላይ የተደገፈ እንደ ሆነ የባትሪውን ሣጥን ይወጋል፤ ከዚህም የሚመጣው ጉዳት ከተነፈሰው ጎማ ጋር የሚተካከል አይደለም። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ ኦቶሞቢሎች ስኮርታ የላቸውም፤ በስኮርታ ፈንታ አየር መንፊያና ማጣበቂያ ይሰጣቸዋል፤ ማጣበቂያውም ምስማር የበሳውን ይደፍናል እንጂ ድንጋይ ጎኑን የቀደደውን ጎማ አይረዳም። ስለዚህ ወደ ጌራ የሚሄድ ሰው ስኮርታ ገዝቶ በጣራው ላይ ቢያስር ብልኅነት ነው፤ የጣራውን የክብደት ልክ ግን ከመጽሐፉ አስተርጉሞ ይወቅ።

በውስጥ መቅረት ያለበትም አለ። መስኮት የሚሰብረው ትንሽ መዶሻ በሾፌሩ እጅ አጠገብ ይሁን፤ በሩ የተዘጋበት ሰው ከውጭ ያለውን መዶሻ ማግኘት አይችልምና። ለማስነሻ የሚሸጡት የሊቲየም ትንንሽ ባትሪዎች ፀሐይና ዝናብ ስለማይስማማቸው በውጭ ሣጥን መቀመጥ አይገባቸውም፤ በሾፌሩ በር በኩል በሚደረስበት ቦታ ይሁኑ። የእሳት ማጥፊያውን በሚመለከት ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትንሿ የዱቄት ማጥፊያ ለሽቦና ለመቀመጫ እሳት ትጠቅማለች፤ ትልቁ ባትሪ ራሱ ከተቀጣጠለ ግን ብዙ ውኃ ለረጅም ሰዓት ካልፈሰሰበት የሚበርድ አይደለም። በዚያ ጊዜ የሚያስፈልገው ሰዎቹን አውጥቶ መራቅ ብቻ ነው።

የሣጥኑ አሠራርም በጅማ ካለ ማናቸውም በያጅ የሚያልፍ አይደለም፤ ሆኖም በያጁ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ወለሉ ሥር ባትሪ ስላለ በወለሉ ላይ ቀዳዳ መብሳት ወይም መበየድ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ሽቦ የነካ ሰውም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሣጥኑ በጣራው ብረት ላይ ወይም ከኋላው ፓራውልት ብረት ላይ በቡሎን ይታሰር፤ ቁጥሩን፣ መብራቱን፣ የኋላውን ካሜራና ባትሪ የሚሞላበትን ቀዳዳ እንዳይጋርድ ይሁን። ከጎማው ኋላ የታሰረ እንደ ሆነ ጭቃ ስለሚሞላው በአንድ ክረምት ቁልፉ አልከፈት ይላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ያለው በዚያው ከተማ ስለ ሆነ፤ የዚህን ሣጥን ልክ አጥንቶ ለጋራዦች ቢሰጥ ከእርሱ የሚጠበቅ ትንሽ ሥራ ይሆናል።

ዋናው ነገር ግን ዕቃ በሚገዛው መሥሪያ ቤት እጅ ነው። ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ለአንድ ሀገረ ስብከት ኦቶሞቢል የሚገዛ ሰው በውሉ ላይ ቀለሙንና የመቀመጫውን ቆዳ ይጽፋል። ኦቶሞቢሉ ወደ ገጠር የሚወጣ እንደ ሆነ በዚያው ወረቀት ላይ ሦስት ነገር መጨመር ይችላል፤ የአጠቃቀሙ መጽሐፍ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ተተርጉሞ ይምጣ፤ የመጎተቻው ቀለበት ሁለት ይሁን፤ ሣጥኑ የሚታሰርበት የጣራ ብረት ከፋብሪካ ተገጥሞ ይምጣ። ከፋብሪካ ሲታዘዝ ዋጋው ጥቂት ነው፤ በኋላ ይግባ ሲባል ግን ለዚህ የተመደበ በጀት የለም የሚለው መልስ እንደሚመጣ በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ኦቶሞቢል በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ በሚቀበልበት ጊዜ መርማሪው ፍሬኑን ይረግጣል፤ መብራቱን ያበራል። የኤሌትሪክ ኦቶሞቢል በቀረበለት ጊዜ የትንሹን ባትሪ ሽቦ በሚገባ አስለቅቆ ሾፌሩን አሁን የመጎተቻውን ቀለበት አምጣ ቢለው፤ ምርመራው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ይህም የቡናው ካሚዮኖች መንገዱን ከመሙላታቸው በፊት፤ በመስከረም ወር ቢደረግ ይመረጣል።